የምድር ቤቷ ፖርዚያና የአንድ ልብ ድርሻ

ስትሪፖሊ ፖርዚያ፣ የሟቹ የኒኮላ ልጅ፤ ዕድሜ ስድሳ አንድ፤ ባል የላትም፤ በሆስፒታሉ ምድር ቤት የመርዛም መድኃኒቶች ቀማሚ፤ አገልግሎት ሠላሳ አንድ ዓመት። ቀማሚ ማለት ሁለት እጇን እስከ ክርኗ በመስታወት ሳጥን ውስጥ አግብታ፣ ሌላ ሰው ቢነካው ቆዳውን የሚልጠውን ፈሳሽ በሚሊግራም እየለካች ከረጢት የምትሞላ፣ ከረጢቱ ወደ የትኛው ፎቅ እንደሚወጣ የምታውቅ፣ በማን ክንድ እንደሚገባ ግን የማታይ ሠራተኛ ማለት ነው። ስለ ተጠቃሽዋ የሚከተለው ተረጋግጧል፦ አትሳሳትም፤ አትቸኩልም፤ አታለቅስም፤ በመናፍስት አታምንም፤ ከታካሚ ጋር ቃል ተለዋውጣ አታውቅም፤ ሦስተኛውን ፎቅ ረግጣ አታውቅም። ይህ ሁሉ በመዝገብ ያለ ነው። መዝገብ ደግሞ፣ እንደሚታወቀው፣ የተነገረውን ይጽፋል እንጂ ያልተነገረውን አይጠይቅም።

በእጇ ከሚያልፉት መርዞች ሁሉ የምታከብረው አንዱን ነው፤ ከተማው በሙሉ «ቀዩ» የሚለውን። ቀዩ እንደ ስሙ ቀይ ነው፤ በብርጭቆ ቢያዩት የበጋ መጠጥ ይመስላል። ሥራው ግን መጠጥ አይደለም። ሕዋስ አንድነቱ ሰልችቶት ሁለት ለመሆን ሲነሣ፣ በውስጡ የተጻፈውን ሁሉ አስቀድሞ መገልበጥ አለበት፤ ጽሑፉም እንደ ተገመደ መሰላል ነው። ቀዩ በዚህ መሰላል ሁለት ደረጃዎች መካከል ገብቶ ይሸጎጣል። ገልባጩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። ያልተገለበጠ አይባዛም፤ ያልተባዛም ውሎ አድሮ ይሞታል። ችግሩ ቀዩ ዳኛ አለመሆኑ ነው፤ ክፉውን ከደጉ አይለይም። ጠጉር ያረግፋል፤ አፍ ያቆስላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከልብ ጋር ያለው ነገር ነው። ልብ ቂመኛ ነውና ይቆጥርበታል። ለአንድ ሰው ልብ ለዕድሜ ልኩ የተወሰነ ድርሻ አለ፤ ያ ድርሻ በሃያ ዓመት ቢያልቅ በሰማንያ ዓመትም አይታደስም።

የተገኘውም ከሩቅ አይደለም። ከሰባ ዓመት ግድም በፊት ከሰሜን የመጡ ሰዎች ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ፣ ከስምንት ማዕዘኑ ቤተ መንግሥት ሥር፣ አንድ እፍኝ አፈር ዘግነው ሄዱ፤ በአፈሩም ውስጥ ዐይን የማያየው ፍጥረት ያንን ቀይ ነገር ሲያመነጭ አገኙት። የወይራ ገበሬዎቻችን ይህን ሲያወሩ ደረታቸውን ይነፋሉ። «አፈራችን መጀመሪያ ያድነናል» ይላሉ፤ «አልሆን ካለው ይቀብረናል። ይኼን የሚያህል ትሕትና ያለው አፈር የት አለ?»

በዚህ አገር ስም ማውጣት የሚባል ድካም የለም። የበኩር ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል፤ አበቃ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ አራት ወንዶች ልጆች ከወለደ፣ በእርጅናው አራት የልጅ ልጆች በራሱ ስምና በራሱ የቤተሰብ ስም ሲጠሩ ሰምቶ ይሞታል። በገበያ መካከል «ካታልዶ!» ብሎ የጮኸ ሰው ግማሹን ገበያ ያዞራል። ልማዱ ለሽማግሌዎች ደስ ይላል፤ ለፖስታ ቤት ጣጣ ነው። ለፖርዚያ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሲመጣ ስሙን ታነባለች፤ ስሙም ከአምስት ዓመት በፊት ራሷ ቀምማለት ያልዳነ ሰው ስም ይሆናል። በመናፍስት የማታምን ሴት ሆና ሳለ፣ ሙታን በየማለዳው በትክክለኛ የፊደል አጣጣል ተጽፈው ወደ ጠረጴዛዋ ይመለሱባት ነበር። እርሷም ከመስታወቱ ኋላ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ በሚመስል ድምፅ «ደግሞ መጣህ?» ትላቸዋለች።

የሥራው ሥርዓት ሁለት ሰው ይጠይቃል። አንዷ ታነባለች፤ ሁለተኛዋ እጇን ሳጥኑ ውስጥ እንዳደረገች ቃል በቃል ትደግማለች፤ ያልተደገመ አይቀመምም። አንባቢዋ ዶክተር አልቶማሬ ናት፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ፋርማሲስት፤ በማዕርግ የፖርዚያ አለቃ፣ በዕድሜ ልጇ የምትሆን። በዚያ የየካቲት ማክሰኞ ጠዋትም እንደ ወትሮው ጀመሩ።

«ሎሩሶ ሪካርዶ» አለች አልቶማሬ።

«ሎሩሶ ሪካርዶ። ስንት ዓመቱ ነው ይኼኛው?»

«ሠላሳ።»

«አያቱን ከሰባት ዓመት በፊት በዚሁ ሳጥን ሸኝቼዋለሁ። ነፍሱን ይማረው፤ ጆሮው ትልልቅ ነበር ይላሉ።»

«ሲኞራ ፖርዚያ፣ እባክዎ በማለዳ ሙት አይጥሩብኝ።»

«እኔ መቼ ጠራሁ? አንቺ ነሽ እያነበብሽ የምትጠሪያቸው፤ እኔ ሰላምታ ነው የምመልስ።»

አልቶማሬ ሳቋን ዋጠችና ቀጣዩን ወረቀት አነሣች። «ታሪኮኔ ካታልዶ።»

ሳጥኑ ውስጥ ያሉት እጆች ቆሙ።

«ሲኞራ ፖርዚያ? ይድገሙልኝ እንጂ።»

«የትውልድ ቀኑን አንብቢው።»

«ኤፕሪል ሁለት፣ ሰማንያ ስድስት።»

ፖርዚያ ትንፋሿን ለቀቀች። እርሷ በጥር ብርድ በእጇ ታቅፋ ክርስትና ያነሣችው ካታልዶ ታሪኮኔ የተወለደው በኖቬምበር ሦስት፣ ሰማንያ አራት ነው። እንግዲያው ይህ የአጎቱ ልጅ ነው፤ ፖሊሱ፤ ረጅሙ። ተመስገን አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ፣ ለአንዱ ልጅ መታመም ፈጣሪዋን ማመስገኗን ስታስብ አፈረች። «ታሪኮኔ ካታልዶ» ብላ ደገመች፤ «ኤፕሪል ሁለት፣ ሰማንያ ስድስት። ቀጥይ።»

«ቀዩ። ከስድስት ዙር የመጀመሪያው። ቁመት አንድ ሜትር ከስድሳ አራት፤ ክብደት ዘጠና ሁለት ኪሎ።»

ፖርዚያ እጆቿን ከሳጥኑ አወጣች። አልቶማሬ በሦስት ዓመት አብሮነታቸው፣ ሴትዮዋ በሥራ መካከል እጇን ስታወጣ አይታ አታውቅም። የመድኃኒቱ ልክ የሚሰላው በቁመትና በክብደት ነውና ፖርዚያ ከሰው ሁሉ የምታውቀው ይህን ነው፤ ፊቱን ሳታይ አካሉን ታውቃለች። ፖሊሱ ካታልዶ በር ሲገባ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ሰው ነው። አጭርና ክብ የሆነው ሌላው ነው። ወረቀቱ የአንዱን ልደትና የሌላውን ሰውነት ይዟል።

የክርስትና ልጇ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እያለ፣ ማለትም ከሃያ ዓመት በፊት፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጣበት። በዚህ አገር ያ በሽታ በስሙ አይጠራም፤ «ያ ነገር» ይባላል፤ ለታማሚው ግን «ያ ነገር» ተብሎም አይነገረውም። አባት ያውቃል፤ እናት ታውቃለች፤ አጎቶች፣ ቄሱ፣ ዳቦ ጋጋሪው ያውቃሉ፤ የማያውቀው የታመመው ብቻ ነው። ይህን ጭካኔ የሚለው የውጭ ሰው ነው፤ እኛ ፍቅር እንለዋለን፤ ምናልባት ሁለታችንም አልተሳሳትንም። እናቱ ሳቪና ቆሻሻ በሚወጣበት በኋላ በር፣ አንድ ሰሐን እንቁላል ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች።

«አበልጅ» አለቻት ፖርዚያን፤ «ልጁ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። የጨው ዕቃ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እንኳ። የመድኃኒቱን ስም ካነበበ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ይፈልገዋል። በፍርሃት ይሞትብኛል። እውነተኛ አስመስለሽ ሌላ ነገር ጻፊበት።»

ቀዩ ብርሃን ይጎዳዋልና ከረጢቱ ቢጫ ልባስ ይደረግለታል፤ ይህ ደንብ ነው። ፖርዚያ እውነተኛውን ወረቀት ከልባሱ ሥር አደረገች፤ ከላይ ደግሞ በገዛ እጇ «ብረትና ቫይታሚን» ብላ ጽፋ ለጠፈች። ዐሥራ ስድስት ከረጢት፤ ዐሥራ ስድስት ጊዜ። ሐኪሙም፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉት አዛውንት፣ የቤተሰቡ ወዳጅ ነበሩና ልጁ ሲወጣ በሰጡት ደብዳቤ ላይ «ብርቱ የደም ማነስ» አሉ። እውነቱ የነበረበት ወረቀት ወደ አንድ መጋዘን ሄዶ ከአይጦች ጋር ቀረ። ኮምፒውተር ሲመጣ ታሪኩ ከደብዳቤው ተገለበጠ፤ ከዚያም ከግልባጩ ተገለበጠ፤ በየጊዜው ይበልጥ ንጹሕ እየሆነ ሄደ።

ልጁ ዳነ። ከተማው ለጠባቂ ቅዱሱ ሻማ አበራ። ሳቪና «ደሙ ሞላለት» አለች። ፖርዚያ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከአበልጇ ቤት እግሯን አሳጠረች። ሙታኑ በስማቸው ይመለሱባታል፤ ይህኛው ሳይሞት ነበር የሚከተላት። በቅዱሱ በዓል ምስሉን ከሚሸከሙት መካከል ሆኖ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሲወጣ፣ ከሕዝቡ መካከል ቆማ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ዳቦ ቤት ቢያስነጥስ ዞራ ታያለች። ሲያገባ ግብዣው ላይ ጨፈረ፤ እርሷ ሰዓቷን እያየች ስንት ደቂቃ እንደጨፈረ ያዘች። የዚያን ልብ ድርሻ በዓለም ላይ የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች፤ ከአምስት መቶ ግድም አራት መቶው ወጥቷል፣ ጥቂት ቀርቷል። አንድ ቀን የማያውቅ ሐኪም ይመጣና ያዝዛል እያለች ሃያ ዓመት ጠበቀች። እነሆ መጣ።

ስልኩን አንሥታ ሦስተኛ ፎቅ ደወለች። ነርሱ ሩጄሮ አነሣ።

«ሩጄሮ፣ ታሪኮኔ ካታልዶን የትውልድ ቀኑን ጠይቀው።»

«ኧረ ሲኞራ ፖርዚያ! ድምፅዎን ስሰማ ሆስፒታሉ የሚቃጠል መሰለኝ። አራተኛው ወንበር ላይ ያለውን ነው? እናቱ የምድጃ ፓስታ ይዛለት መጥታለች፤ አልበላም ብል ተቆጣችኝ፤ ምን ላድርግ፣ በላሁላት። ደግሞ እንዴት ያለ—»

«ቀኑን፣ ሩጄሮ።»

ከስልኩ ወዲያ ጥያቄና መልስ ተሰማ፤ ቀጥሎም እርግማን። «ኖቬምበር ሦስት፣ ሰማንያ አራት! እናቴ ድረሽ! እንግዳ ተቀባዩ የአጎቱን ልጅ ፋይል ነው የከፈተው። ባለፈው ዓመት ጥርሱን ሊነቀል የመጣውን ፖሊስ! እነዚህ ታሪኮኔዎች አንድ ሌላ ስም ቢያውቁ ምን ነበረበት?»

በሩብ ሰዓት ውስጥ የተስተካከለው ትእዛዝ ወረደ። ስም ያው፤ ልደት ትክክል፤ ቁመት ትክክል፤ ቀዩ፣ ያው ልክ፣ ያው ስድስት ዙር። አልቶማሬ ወረቀቱን ይዛ ፊቷ በራ። «እርስዎ ባይኖሩ ጉድ ሆነን ነበር። በሉ እንቀጥል፤ ታሪኮኔ ካታልዶ።»

ፖርዚያ አልደገመችም።

«ምን ሆኑ? አሁን እኮ ወረቀቱ ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ መሆኑ ነው የከፋው።»

«ሐኪሟ ራሷ ጠይቃዋለች፤ ይኸው ተጽፏል። ‘ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሕክምና ወስደሃል?’ ‘አልወሰድኩም፤ በልጅነቴ ለደም ማነስ ቫይታሚን ብቻ።’ ሰውዬው በአንደበቱ የተናገረው ነው።»

ልጁ የዋሸ አልመሰላትም። የሰጡትን ነው የመለሰው። ፖርዚያ እርሷ የጻፈችው ቃል ሃያ ዓመት ዞሮ፣ በታማሚው አፍ ገብቶ፣ በሐኪም ብዕር ወጥቶ ሲመጣባት አየች። ዝም ብላ ብትቀምም ማንም አይጠይቃትም። የዛሬው ከረጢት አይገድለውም ይሆናል፤ ሁለተኛውም ላይገድለው ይችላል። ከስድስቱ በኋላ ግን አንድ ቀን ደረጃ ሲወጣ ይቆማል፤ ትንፋሹን የምትቆጥረውም ታጣዋለች። ብትናገር ደግሞ ዐሥራ ስድስት ሐሰተኛ ወረቀት ጡረታዋ አምስት ወር ሲቀረው ይወጣል፤ የአበልጇም ሃያ ዓመት ይፈርሳል።

«አምስት ደቂቃ ስጪኝ» አለችና ሳቪናን በሩጄሮ በኩል ወደ ኋላ በር አስጠራቻት።

ሳቪና ባዶውን የፓስታ ሰሐን እንደታቀፈች ወረደች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ጥቁር ለብሳ፣ ጉልበቷን እያማረረች። ፖርዚያን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ፖርዚያ።

«ምኑን? ባሪ ከተማ ሄዶ ጥርሱን እየታከመ ነው።»

«አበልጅ፣ እኔ ፊት?»

ሳቪና ሰሐኑን ደረቷ ላይ አጠበቀች። «ተመለሰበት። አሁን ሆዱ ውስጥ ነው። የአሁኗ ሐኪም ደግሞ ወጣት ናት፤ ሁሉን ነገር ለሰው ፊት ለፊት ትናገራለች። ስሙን ነግራዋለች እኮ! እኔ ግን አሁን ገና የመጣ ነው ብዬዋለሁ። የድሮው ሌላ ነው፤ የድሮው ደም ማነስ ነው።»

«ቀዩን አዘዙለት።»

«ያኔም አዳነው አይደል?»

«ያኔ ልቡ ድርሻ ነበረው። አሁን ሊጨርሰው ደርሷል። ከሰጡት ልቡ ይቆማል፤ ካልነገርናቸው ደግሞ ይሰጡታል።»

ሳቪና አሰበች። በዚህ አገር ሴቶች ሲያስቡ ከንፈራቸውን ወደ አንድ ጎን ይስባሉ። «አልቋል በያቸው» አለች በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ቀዩ። አለቀ፤ የለም። እዚህ ከተማ ውኃ እንኳ ያልቅ የለ?»

«በሚቀጥለው ዙርስ?»

«ያኔም አልቋል! ሌላ ነገር ይስጡት። ለምን እንደሆነ ማን ይጠይቃል?»

ፖርዚያ ለመናገር አፍራ ይሆናል እንጂ፣ ለአንድ አፍታ ወደ ማቀዝቀዣው ዞራ አይታ ነበር። አርባ ብልቃጥ ተደርድሯል። አርባ ብልቃጥ እያለ አለቀ ማለት ዐሥራ ሰባተኛው ሐሰተኛ ወረቀት ነው አለች ለራሷ። «አበልጅ፣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«እናቴ አትዋሽም እያለ ነው አርባ ዓመት የሞላው» አለች ሳቪና፤ ድምፅዋ ድንገት ቀጠነ። «ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ ‘አያታችሁ አትዋሽም’ ይላል። በሽታውን ይችለዋል። ይኼን አይችለውም። ደግሞ አንቺስ? የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ያባርሩሻል። እኔ ላንቺም ነው የማስበው።»

«አውቃለሁ። ሁልጊዜ ለሌላው ሰው ነው የምታስቢው፤ እዚህ ያደረሰን እርሱ ነው።»

ሳቪና ከኋላ በሩ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ ከዚያ በላይ አልሄደላትም። ፖርዚያ ተመልሳ ገባችና አልቶማሬ ፊት ቆማ፣ ወረቀት የምትደግም ያህል በተስተካከለ ድምፅ ተናገረች። «ታሪኮኔ ካታልዶ። ኖቬምበር ሦስት፣ ሰማንያ አራት። ከሃያ ዓመት በፊት ከዚህ ክፍል ዐሥራ ስድስት ከረጢት ቀይ ወስዷል። በጠቅላላው አራት መቶ ሚሊግራም በስኩዌር ሜትር ገላ።»

አልቶማሬ በልማድ አፏን ከፍታ ልትደግም ነበር፤ መሐል ላይ ቆመች። «የት ነው የተጻፈው?»

«የትም። ከላዩ ላይ ‘ብረትና ቫይታሚን’ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ወጣቷ ሴት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቁጣ ፊቷ ላይ ቦታ ፈለገ፤ አላገኘም። «ይህን መጻፍ አለብኝ፣ ሲኞራ ፖርዚያ።»

«ጻፊ። ሃያ ዓመት የሚጽፈው አጥቶ የኖረ ነገር ነው። መጀመሪያ ግን ለሐኪሟ ደውዪ።» ልብሰ ሥራዋን አውልቃ ሰቀለችና ወደ አሳንሰሩ ሄደች።

«ወዴት ነው? ቀማሚ ወደ ታካሚ ክፍል መውጣት አይፈቀድለትም!»

«አውቃለሁ። ያንን አንቀጽ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየችው ከረጢቶቿን ነበር። ስምንት ወንበሮች በመስኮቱ ትይዩ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ በላይ ከብረት ዘንግ ላይ የእጇ ሥራ ተንጠልጥሏል፤ ከእያንዳንዱም በታች ፊት አለ። ይህን አላሰበችውም ነበር። ስሙን ከልባሱ ላይ ታነባለች፣ ዐይኗ ቱቦውን ተከትሎ ይወርዳል፣ ከታች አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ሎሩሶ ሪካርዶ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ የሞተ ማንም አልነበረም፤ እርሷ ግን ከዚህ በፊት የመቃብር ቦታ ውስጥ ስትሄድ እንኳ እንዲህ ቀስ ብላ ተራምዳ አታውቅም።

አራተኛው ወንበር ላይ የነበረው ክብ ሰው ብድግ ሊል ሞከረ። «የክርስትና እናቴ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ተቀመጥ።»

«እርስዎ ደረጃ ወጥተው? እውነቱን ይንገሩኝ፤ ቄሱ ናቸው?»

«ካታልዶ፣ ዝም በልና ስማኝ።» እጆቿን የት እንደምታደርግ አላወቀችም፤ ሳጥን አልነበረም። «በዐሥራ ዘጠኝ ዓመትህ የወሰድከው፣ ያ በቢጫ ልባስ ይመጣልህ የነበረው፣ ቫይታሚን አልነበረም።»

ካታልዶ ወደ በሩ አየ። «እናቴ የት ናት?»

«ታች ናት።»

«እንግዲያው ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ጆሮዋ ሦስት ፎቅ ይሰማል።» ከዚያም ወደ እርሷ ጠጋ ብሎ፣ እንደ ሰረቀ ልጅ ፈገግ አለ። «የክርስትና እናቴ፣ ቫይታሚን ጠጉር ያረግፋል? ሽንቴ የወይን ጠጅ ሲመስል ‘ብረቱ ነው’ አሉኝ። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ እኮ፣ የሁለት ዓመት ሕፃን አልነበርኩም።»

ፖርዚያ አጠገቡ ያለውን ወንበር ያዘች። «ታውቅ ነበር?»

«በሁለተኛው ሳምንት። ልባሱን ገልጬ ከሥሩ አነበብኩት። ጽሑፉን ደግሞ ወዲያው ነው ያወቅሁት፤ በየልደቴ የሚልኩልኝ ካርድ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። እርስዎ ከቀመሙት ይሁን ብዬ ልባሱን መልሼ አለበስኩት።»

«ታዲያ ሐኪሟ ስትጠይቅህ ምን አልወሰድኩም አሰኘህ? አንተ ሞኝ!»

«እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበራ! እጄን ይዛ! ሃያ ዓመት እንደማላውቅ ሆኜ ያኖርኳትን በአንድ ጥያቄ ላፍርሳት? ደግሞ እናንተ ያስነጠሰውን ሁሉ ትጽፉ የለ? ተጽፏል ብዬ ነው።»

«አልተጻፈም።»

«የትም?»

«የትም።»

ያኔ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ወረደ። ግራ እጁ ሳያዝዘው ተነሥቶ ደረቱ ላይ ዐረፈ፤ በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳውን ሰው ማንነት እንደሚያዳምጥ ሰው ጆሮውን አዘነበለ። «ስንት ቀረኝ?»

«ጥቂት። ለክፉ ቀን ይቀመጥ እንጂ ዛሬ አይነካም። ሐኪሟ ሌላ እያዘዘች ነው፤ ልብህንም ዛሬውኑ ያዩታል።»

«ሌላው ያድናል?»

ፖርዚያ በሕይወቷ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም። የከረጢቶቹ ስሞች አይጠይቁም ነበር። «አላውቅም» አለች። «በትክክል እቀምመዋለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሐኪሟ በኮሪደሩ ፈጠን ፈጠን እያለች ወረቀት ይዛ ስትመጣ አየና እጅጌዋን ያዘ። «አንድ ነገር። ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ።»

«ምኑን?»

«እንደማውቅ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ከአሮጌ መጋዘን አገኙት ይበሏት። ልጄ አልሰማም ብላ ትረፍ።»

ልትቆጣው ነበር። «እሺ» አለች።

ወደ አሳንሰሩ ተመለሰችና ጫነችው። አሳንሰሩ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ታች ሳቪና ደረጃው ላይ ሰሐኗን ታቅፋ «ነገርሽው?» ልትላት እየጠበቀች ነው፤ አልቶማሬም መጻፍ ጀምራለች። በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ፖርዚያ አልገባችም። እጆቿን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብታ ያላፈሰሱትን፣ ብብቷ ውስጥ ሸሸገቻቸው።

በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ራሷን በአበባማ ሻሽ የሸፈነች ሴት መንደሪን ትልጥ ነበር። አየቻትና ቦርሳዋን አንሥታ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ ቁጭ በይ፣ እህቴ። ቆመሽ አትጠብቂ፤ እነዚህ ሰዎች ቶሎ አይጠሩም።»

ፖርዚያ ተቀመጠች።

«ገርጥተሻል። አትፍሪ፤ ሁላችንም ፈርተናል። እኔ መጀመሪያ ቀን ከዚህ ደረጃ ላይ ሮጬ አምልጬ ነበር፤ ባሌ ነው ከአውቶቡስ ያወረደኝ።» ከመንደሪኑ አንድ ፍንክት ገንጥላ ዘረጋችላት። «ታች የሚቀምሙት አይሳሳቱም ይላሉ። አንዲት አለች አሉ፣ ልብ የሚባል አልፈጠረባትም፤ እጇ ግን አይስትም። እና ለእሱ እንኳ አታስቢ።»

ፖርዚያ ፍንክቱን ተቀብላ አፏ ውስጥ አደረገች።

«ስንተኛሽ ነው?» አለቻት ሴትዮዋ።

ጭማቂው በጉሮሮዋ እስኪወርድ ጠበቀች።

«የመጀመሪያዬ ነው» አለች ፖርዚያ።